«ታስፈልጋለህ ወይ?»፦ ስለ አእምሮ ሕክምና አልጋና ስለ መንግሥት ፈቃድ

በአሜሪካ አገር አንድ ድርጅት የአእምሮ ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙበት ሆስፒታል ወይም የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ለመክፈት ገንዘቡን፣ ሕንፃውንና ሐኪሞቹን አዘጋጅቶ ሲቀርብ፣ በብዙ ስቴቶች በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ሥራውን ታውቀዋለህ ወይ?» የሚል አይደለም። «ለመሆኑ ታስፈልጋለህ ወይ?» የሚል ነው። መልሱን የሚሰጠውም ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ ሳይሆን የስቴቱ የጤና ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ከመወሰኑ በፊት ደግሞ በአካባቢው ቀድመው የተቋቋሙት ሆስፒታሎች ቀርበው «አያስፈልግም፣ እኛ እንበቃለን» ብለው መከራከር ይችላሉ። ሕጉ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኒድ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የአስፈላጊነት ማረጋገጫ» ብንለው ያስኬዳል። ዛሬም ከሠላሳ በላይ በሆኑ ስቴቶችና በዋሽንግተን ዲሲ በአንድም ሆነ በሌላ መልኩ ይሠራል። እኛ በብዛት የሰፈርንባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን በተለይ ለአእምሮና ለሱስ ሕክምና ለማላላት የተነሡት ወገኖች በቅርብ ዓመታት ብዙ ርቀት ሄደዋል። ቴነሲ በ2021 የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎችን ከማረጋገጫው ነፃ አወጣች። ሳውዝ ካሮላይና በ2023 የሕጉን አብዛኛውን ክፍል ሻረች። ጎረቤቷ ኖርዝ ካሮላይና በዚያው ዓመት ሜዲኬይድን ለማስፋፋት ባወጣችው ሕግ ውስጥ የአእምሮና የሱስ ሕክምና አልጋዎችን ከማረጋገጫው አስወጣች፤ ያን ሕግ ያጸደቀው ሪፐብሊካኖች የሚመሩት ምክር ቤት፣ የፈረመው ደግሞ ዴሞክራቱ ገዥ ነበሩ። ጆርጂያም በ2024 ከአቅራቢያ ሆስፒታል ጋር ስምምነት ላላቸው የአእምሮና የሱስ ተኝቶ ሕክምና አገልግሎቶች በሩን ከፈተች። ቀኙም ግራውም አብሮ ያጨበጨበለት ነገር በዚህ አገር ብርቅ ነውና ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል። እኔ በበኩሌ ማላላቱን እደግፋለሁ። የምተቸው ለማላላቱ የሚሰጠውን ምክንያትና፣ አጥሩ ከፈረሰ በኋላ በቦታው ሳይተከል የሚቀረውን ነገር ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ የትራንስፖርት ምሕንድስና ነው፤ አንድ መንገድ ምን ያህል መኪና እንደሚያስተናግድና መቼ እንደሚጨናነቅ ማስላት የዕለት እንጀራዬ ነው። «ታዲያ ከሆስፒታል አልጋ ጋር ምን አገናኘህ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የአልጋው ሕግ የቆመበት ስሌት የእኛ ሙያ ለብዙ ዓመታት ሲነታረክበት ከኖረው ስሌት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሕጉ ከየት መጣ? በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚልተን ሮመር የተባሉ የጤና ጥበቃ ምሁር አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሰው ኢንሹራንስ ባለው ቦታ አዲስ የሆስፒታል አልጋ ከተዘረጋ አልጋው መያዙ አይቀርም። ሐኪሙ አልጋ ካለ ያስተኛል፣ ከሌለ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛል። በዚያን ጊዜ ኢንሹራንሱም፣ በኋላ የመጣው ሜዲኬርም፣ ሆስፒታሉ አወጣሁ ያለውን ወጪ ነበር የሚከፍሉት። ለኮንትራክተር «ያወጣኸውን ሁሉ ከነትርፉ እከፍልሃለሁ» ብሎ ሕንፃ ያሠራ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማንም መሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህም ኒውዮርክ በ1964 ቀድማ፣ ቨርጂኒያ በ1973 ተከትላ ሕጉን አወጡ። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1974 ኮንግረሱ ባጸደቀው ሕግ ስቴቶች ሁሉ ይህን እንዲያደርጉ አስገደደ። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። የታመመው የክፍያው ሥርዓት ሆኖ ሳለ የታከመው ግን የሕንፃው ቁጥር ነበር፤ ችግሩ ይኸው ነው። ሜዲኬር ለአጠቃላይ ሆስፒታሎች ከ1983 ጀምሮ፣ ለአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ደግሞ ከ2005 ጀምሮ አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ መክፈል ጀመረ። የፌዴራሉ ማስገደጃም ከ1987 መግቢያ ጀምሮ ተሽሯል። የስቴቶቹ ሕግ ግን ምክንያቱ ካረጀ በኋላ በሕይወት ቀረ። ለምን ቀረ ቢባል፣ ሕጉ የሚጠቅማቸው ነባር ተቋማት በየስቴቱ ምክር ቤት ደጅ ጠበቃ ስላላቸው ነው። ሊከፈት ሲችል ያልተከፈተ ሆስፒታል ግን ጠበቃ የለውም። ሕመምተኞቹም ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

የሕጉ ተቃዋሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምሳሌ የነጋዴ ምሳሌ ነው፤ በእኛ ሰፈር ቋንቋ ልመልሰው። አንዲት እህታችን በአሌክሳንድሪያ እንጀራ መጋገሪያ ልትከፍት አሰበች እንበል። ካውንቲው ስለ ንጽሕናው፣ ስለ እሳት አደጋ መከላከያው፣ ስለ ውኃ መስመሩ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ ያሉትን ሦስት እንጀራ ቤቶች ጠርቶ «እርስዋ ብትከፍት ቅር ይላችኋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሳቸውን ሳንሰማው እናውቀዋለን። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ ያስቃልም። ግን እስከ መጨረሻው አያዛልቅም። እንጀራ የሚገዛው ሰው ራሱ ይበላዋል፣ ራሱ ይከፍላል፣ ከጎመዘዘው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት ይሄዳል። የአእምሮ ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ በፖሊስ መኪና የሚመጣ፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ሒሳቡን ሌላ የሚከፍልለት፣ ካልተስማማው ተነሥቶ መውጣት የማይፈቀድለት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ደንበኛ «ገበያው ይጠብቀዋል» የሚሉን ሰዎች ወይ ገበያን አያውቁም፣ ወይ ሕመምን አያውቁም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። መንገድ ሲሰፋ ወዲያው በመኪና ይሞላል። ይህን የማያውቅ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ የለም። መሙላቱን ግን በሁለት መንገድ መተርጎም ይቻላል። አንደኛው፣ ባይሰፋ ኖሮ ከቤቱ የማይወጣው ሰው መንገዱን አይቶ ወጣ የሚለው ነው፤ የሮመር ሐሳብም ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየው ድሮም መሄድ ነበረበት፣ ግን መተላለፊያ ስላጣ በመንደር ውስጥ ለውስጥ ይዞር ነበር ወይም ጉዳዩን ትቶ ይቀር ነበር የሚለው ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰፊውን መንገድ ብቻ ቆሞ መቁጠር አይበቃም። የመንደሩን ጠባብ መንገድ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

የአስፈላጊነት ማረጋገጫው ስሌት ይህን አያደርግም። በአብዛኛው የሚያሰላው ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ስንት አልጋ ለስንት ቀን እንደተያዘ፣ ሕዝቡ ስንት እንደሚሆንና አልጋው በመቶ ስንት መያዝ እንዳለበት ነው። የተቆጠረው እንግዲህ አልጋ ያገኘው ሰው ነው። አልጋ አጥቶ የተመለሰው አልተቆጠረም። ድልድይ በሌለበት ወንዝ ዳር ቆሞ «እዚህ የሚሻገር መኪና ስለሌለ ድልድይ አያስፈልግም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ ቢኖር ከሥራ ይባረራል።

ሁለተኛም ነገር አለ። በወረፋ ስሌት፣ አንድ አገልግሎት ሰጪ በመቶ 80 ሲያዝ በሥርዓቱ ውስጥ በአማካይ 4 ሰው ይገኛል፤ በመቶ 90 ሲያዝ 9፣ በመቶ 95 ሲያዝ 19 ይሆናል። ብዙ አልጋ ባለበት ቦታ ኩርባው ለስለስ ይላል እንጂ ቅርጹ ያው ነው፤ መጨረሻው አካባቢ ሽቅብ ይምዘገዘጋል። ለገንዘብ ሚኒስትር ባዶ አልጋ ብክነት ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት ልጁን ይዞ ለሚንከራተት አባት ግን ባዶዋ አልጋ ከተያዙት ሁሉ ትበልጣለች። እሳት አደጋ መኪና ቆሞ ስለዋለ ከሰርኩ የሚል ከተማ የለም፤ የአእምሮ ሕክምና አልጋ ሲሆን ግን ሁሉም ባዶውን አልጋ ይቆጥርበታል።

የመንደሩን ጠባብ መንገድ በቨርጂኒያ እንይ። በኅዳር 2013 የስቴቱ ሴናተር ክሪ ዲድስ የ24 ዓመት ልጃቸው በጽኑ ታሞ ለምርመራ ተወሰደ። ሕጉ የሚፈቅደው የማቆያ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ አልጋ ተገኘለት የሚል ሰው ስላልመጣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት አባቱን በስለት አቁስሎ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ቨርጂኒያ ደነገጠች። በ2014 በወጣው ሕግ የማቆያው ጊዜ ተራዘመ፣ ባዶ አልጋ የሚመዘገብበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተቋቋመ፣ የግል ሆስፒታል ያልተቀበለውን ሰው የመንግሥት ሆስፒታል የግድ እንዲቀበል ተደነገገ። በዚህም ምክንያት የመንግሥት ሆስፒታሎቹ ከአፍ እስከ ገደባቸው ሞሉ። በሐምሌ 2021 ስቴቱ ከስምንቱ የአዋቂዎች ሆስፒታሎቹ አምስቱ አዲስ ሕመምተኛ እንዳይቀበሉ ለጊዜው አገደ። ምክንያቱ የአልጋ እጥረት አልነበረም፤ አልጋው ነበረ፣ አልጋው አጠገብ የሚቆም ሠራተኛ ግን አልነበረም።

የማላላቱ ደጋፊዎች የሴናተሩን ልጅ ታሪክ ሲጠቅሱ ሁልጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። በኋላ በተደረገው ማጣራት በአካባቢው ባዶ አልጋ የነበራቸው ሆስፒታሎች እንደነበሩ ታወቀ፤ ያልተደወለላቸው ነበሩ። በ2015 ደግሞ በዚያው ስቴት፣ ከሱቅ አምስት ዶላር ገደማ የሚያወጣ ምግብ ወሰድክ ተብሎ የታሰረ ሌላ የ24 ዓመት ወጣት፣ ዳኛው ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይወሰድ ብሎ ካዘዘ በኋላ ለወራት እስር ቤት ቆይቶ እዚያው ሞተ። ትእዛዙ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። የአስፈላጊነት ማረጋገጫውን ዛሬ ብትሽረው ያ ወረቀት ከመሳቢያው አይወጣም። እኔ ለማላላቱ የምሟገት ሰው ሆኜ ይህን የምጽፈው፣ ከሚያመጣው በላይ ተስፋ የተሰጠበት ሕግ በሦስተኛው ዓመት «አየነው፣ አልሠራም» ተብሎ እንደሚጣል ስለማውቅ ነው።

ደግሞም የአልጋው ታሪክ ከዚህ ሕግ በፊት የጀመረ ነው። በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ550,000 በላይ ሕሙማን ተኝተው ነበር፤ በ2016 የቀሩት አልጋዎች 38,000 አይሞሉም። አሮጌዎቹ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ከእስር ቤት የማይሻሉ ስለነበሩ መዘጋታቸው የሚያስለቅስ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የፈረሙት ሕግ በምትካቸው በየአካባቢው የሕክምና ማዕከላት እንዲቋቋሙ ነበር፤ ከታሰቡት ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ። በ1965 ሜዲኬይድ ሲፈጠር ደግሞ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ለተኙ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ አዋቂዎች የፌዴራል ገንዘብ እንዳይከፈል ተከለከለ። ከ2015 ወዲህ ለስቴቶች ልዩ ፈቃድ እየተሰጠ ክልከላው በከፊል ላልቷል እንጂ ዋናው ሕግ እንዳለ ነው። ለድሆች አልጋ የሚከፍል ከሌለ፣ ፈቃድ ስለተገኘ ብቻ ለድሆች አልጋ የሚዘረጋ አይኖርም።

ማስረጃውስ ምን ይላል? ጀምስ ቤይሊ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ የአስፈላጊነት ማረጋገጫ በሚጠይቁ ስቴቶች ለሕዝቡ ቁጥር የሚደርሰው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከሌሎቹ በመቶ 20 ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ተኝተው የሚታከሙት ሰዎች ደግሞ ከዚያም በባሰ መጠን ያነሱ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የሱስ ሕክምናን ለብቻው ሲመረምሩ ግን፣ ሕጉ በማዕከላቱ፣ በአልጋውም ሆነ በታካሚው ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የታየው ለውጥ የግል ኢንሹራንስ የሚቀበሉት ማዕከላት በመቶ 6 ያህል ማነሳቸው ነው። አንድ ምሁር፣ አንድ ሕግ፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች። የእኛ የክርክር ባህል ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይወድም። ደጋፊው የመጀመሪያውን ጥናት፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን ይዞ ይሄዳል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ አይጋጩም። የአእምሮ ሆስፒታል ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ከባድ ሕንፃ ነው፤ እዚያ ላይ ማረጋገጫው እውነተኛ ግድግዳ ይሆናል። የሱስ ሕክምና ግን በአብዛኛው ቀጠሮ ተይዞ ተመላልሶ የሚሰጥ ስለሆነ የሚያንቀው ሌላ ነገር ነው፤ የክፍያው ማነስ፣ የባለሙያው እጥረት፣ «በሰፈራችን ሜታዶን አይሰጥም» እያለ የሚሰለፈው ጎረቤት። በ2023 መግቢያ ላይ ቡፕረኖርፊን የተባለውን የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት ለማዘዝ ሐኪሞች ያስፈልጋቸው የነበረው ልዩ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ሲነሣም የታየው ተመሳሳይ ነው። የሚያዙት ሐኪሞች ቁጥር ጨመረ፤ መድኃኒቱን የሚወስዱት ሕሙማን ቁጥር ግን የተጠበቀውን ያህል አልጨመረም።

ለማላላት የሚቸኩሉት የማይጠሩት ስም ደግሞ አሪዞና ነው። አሪዞና የአስፈላጊነት ማረጋገጫን ለጤና ተቋማት ካስወገደች ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በግንቦት 2023 ገዥዋና ዋና ዐቃቤ ሕግዋ ቀርበው ለሕዝብ የተናገሩት ነገር የሚዘገንን ነበር። በፊኒክስና በአካባቢዋ በሱስ ማገገሚያ ስም የተከፈቱ ቤቶች፣ ከናቫሆና ከሌሎች የቀደምት አሜሪካውያን ይዞታዎች ሰዎችን በመኪና እየለቀሙ አምጥተው፣ ያልተሰጠ ሕክምና ተሰጠ እያሉ ከሜዲኬይድ ገንዘብ ይወስዱ ነበር። አንዳንዶቹ ሰዎቹ እንዲቆዩላቸው አልኮልና ዕፅ ይሰጡ ነበር። ጉዳቱ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ገምተዋል። ክፍያው ሲቆምም ብዙዎቹ ሰዎች ከአገራቸው ርቀው መንገድ ላይ ተጣሉ።

የነባር ሆስፒታሎች ጠበቆች ይህን ሲሰሙ «አላልንም?» ይላሉ። አላላችሁም። የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ሌባን አይለይም። የሚጠይቀው «አልጋው ይበዛል ወይ?» ብሎ እንጂ «ሰውየው ማነው? ሌሊት ማን ይጠብቃል? ነርሷ እውነት ነርስ ናት ወይ?» ብሎ አይደለም። እነዚህን የሚጠይቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በቨርጂኒያ የአስፈላጊነቱን ማረጋገጫ የሚሰጡት የጤና ኮሚሽነሩ ሲሆኑ፣ የአገልግሎቱን የሥራ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የአእምሮ ጤና አገልግሎት መምሪያው ነው። አሪዞና ላይ የወደቀው ይህ ሁለተኛው በር ነው። ፈቃዱ በወረቀት ይገኝ ነበር፤ ሄዶ የሚያይ አልነበረም፤ ለአንዳንዱ አገልግሎት የክፍያ ጣሪያ ስላልነበረ ደረሰኝ ላመጣ ሁሉ ይከፈል ነበር። ያው የ1960ዎቹ በሽታ ነው፣ ልብሱን ለውጦ መጣ።

ስለዚህ ሁለቱን ፈቃዶች ሳይለዩ «መንግሥት ይውጣ» ወይም «መንግሥት ይግባ» ብሎ መጮህ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። የመጀመሪያው ፈቃድ የቁጥር ግምት ነው። ስሌቱ ደካማ ነው፣ ተፎካካሪ ይጠመዝዘዋል። በአዮዋ ስቴት ቤተንዶርፍ በተባለች ከተማ ሊከፈት የታሰበ የ72 አልጋ የአእምሮ ሆስፒታል፣ የአካባቢው ነባር ሆስፒታሎች እየተቃወሙት ሁለት ጊዜ ሳይጸድቅ ቀርቶ በ2017 በሦስተኛው ጸደቀ፣ በ2020 ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት የታመመው ሰው የት ነበር? ይህ ፈቃድ ቢቀር አላዝንም። ሁለተኛው ፈቃድ ግን የደኅንነት ነው፤ እሱ ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባውም። የማላላት ሕጎቹን ስናነብ የመጀመሪያውን የሚሽረው አንቀጽ ረጅምና ግልጽ ሆኖ፣ ለሁለተኛው ተቆጣጣሪ መቅጠሪያ የሚሆን በጀት ካልተያዘበት፣ ሕጉ ግማሽ ሕግ ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል የሚል ይኖራል። በዲሲ ዙሪያ ያለው ማኅበረሰባችን የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደሚይዘው ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ይደበቃል። «ትንሽ ተጨናንቆ ነው» ይባላል። ከዚያ ቄስ ይጠራል ወይም ሼኽ፣ ከዚያ ቲኬት ተቆርጦ ወደ አገር ቤት ጠበል ይላካል። በጠበል ላይ የምለው የለኝም፤ ብዙ ቤተሰብ ከዚያ የተሻለ የሚጨበጥ ነገር ሳያገኝ ነው የሚሄደው። ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ ሆስፒታል የማንሄደው ስለምናፍር ብቻ አይደለም። ስንሄድም የሚገጥመን በስልክ መስመር ላይ ያለ አስተርጓሚ ነው። «ሰው ዓይን ውስጥ ገባሁ»፣ «ልቤ ተሰወረብኝ»፣ «መንፈስ ያዘኝ» የሚለውን ሰው በስልክ ተርጉሞ፣ የትኛው የቋንቋችን ወግ፣ የትኛው የሕመም ምልክት እንደሆነ ለሐኪሙ ማስረዳት የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ሥራ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ የሚያኮራ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው ግን የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ማታ አልጋው አጠገብ በአማርኛ «አይዞህ» የሚል ነርስ አያመጣም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ተቋም፣ አሥር ወይም አሥራ ስድስት አልጋ ያለው፣ አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ነርሶች ያሉት ትንሽ ቤት፣ ከወገኖቻችን መካከል ሊከፍት የሚችል የለም ወይ? ነርሶች አሉን፣ ሐኪሞች አሉን፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ያቋቋሙና የመንግሥት ወረቀት የማይፈሩ ነጋዴዎችም አሉን። እንቅፋቱን ለመረዳት የኬንታኪን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በሉዊቪል ከተማ ኔፓልኛ ተናጋሪ ስደተኞች በብዛት ይኖራሉ። ከመካከላቸው የተነሡ ሰዎች በቋንቋቸው የሚያስታምም የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት ለመክፈት አመለከቱ። አንድ ትልቅ ነባር ተቋም ተቃወመ፤ ስቴቱም በስሌቱ መሠረት አያስፈልግም ብሎ ከለከለ። ስሌቱ ነርስ ይቆጥራል፣ ቋንቋ አይቆጥርም። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2022 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ሕጉ ጥሩ ፖሊሲ መሆኑን እየተጠራጠረ፣ ሕገ መንግሥቱን ግን አይጥስም ብሎ ፈረደባቸው። አዲስ መጥ ማኅበረሰብ ይህን ስሌት በተፈጥሮው አያልፈውም። ትንሽ ነው፣ ያለፈ አጠቃቀም የለውም፣ ሕመሙን ይደብቃልና በመዝገብ ላይ የለም።

በዚህ ላይ አንድ የማልስማማበትን ነገር ልናገር። የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ያለ አንዳች ጥቅም የቆመ አጥር ነው የሚሉ አሉ። በቨርጂኒያ ማረጋገጫው ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ከግዴታ ጋር ነው የሚሰጠው፤ ተቋሙ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የተወሰነ መጠን ነፃ ሕክምና እንዲሰጥ ይታዘዛል። ማረጋገጫው ሲሻር ይህ ግዴታ የሚንጠለጠልበት ሚስማር አብሮ ይነቀላል። ኢንሹራንስ የሌለው አዲስ ስደተኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ግዴታው ወደ ሁለተኛው በር፣ ወደ ሥራ ፈቃዱ መዛወር አለበት። ሜዲኬይድ የማይቀበል ፈቃድ አያግኝ፤ ኢመርጀንሲ ክፍል ውስጥ የሚጠብቅን ሰው ባዶ አልጋ እያለው የመለሰ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስመዝግብ፤ በአካባቢው በብዛት ለሚነገሩ ቋንቋዎች የሰው አስተርጓሚ ወይም ባለሙያ ይኑረው፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ቀን በቀጠሮ ሳይሆን ሌሊት ሳይነግር ይምጣ። ይህ ሁሉ ነጋዴውን ያስከፋው ይሆናል። የሴናተሩን ልጅና የእስር ቤቱን ወጣት ለመሰሉ ሰዎች ሌላ የተሻለ መንገድ ያለው ካለ ያሳየን።

የአሌክሳንድሪያና የፎልስ ቸርች ምሁራን ስለ አገር ቤት ሕገ መንግሥት አንቀጽ በአንቀጽ ስንከራከር እናድራለን፤ መከራከራችን ተገቢ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት ግን በየጥር ወር ሪችመንድ ይሰበሰባል፤ የአስፈላጊነት ማረጋገጫውን የሚነኩ ረቂቆችም በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይቀርባሉ። በማረጋገጫ ማመልከቻዎችም ላይ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ደብዳቤም በመዝገቡ ይገባል። እዚያ አዳራሽ የሚገኙት የሆስፒታሎቹ ጠበቆች፣ የኢንሹራንሶቹ ተወካዮችና አልፎ አልፎ ልጅ ያጡ ወላጆች ናቸው። ከወላጆቹ መካከል የእኛም ሰዎች መኖር ነበረባቸው፤ ቁጥራችን ያን ያህል ነው።